የገድሉ አልጋ

የካቲት 18

እኔ አዘዘ ገድሉ ነኝ፣ የቁንዝላ ሰው። ፊደል አልቆጠርሁም፤ አላፍርበትም። የቆጠሩትን አይቻቸዋለሁ። ይህን የሚጽፍልኝ ሙሀመድአወል ነው፤ ባሕር ዳር ገበያው አጠገብ ፍራሽና ምንጣፍ ይሸጣል። ዓሣና እህል በጀልባ ከቁንዝላ ሳመላልስ ከነበርሁበት ዘመን ጀምሮ ወዳጄ ነው። ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ የሱቁ በር ላይ እቀመጣለሁ። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ከራሱ አንዲት ቃል እንዳይጨምር ምሎልኛል።

ለምን ታስጽፋለህ ለሚለኝ፤ ነገ አንድ ነገር ሲመጣ «አዘዘ መች ተናገረ» እንዳይባል ነው። ተናግሬአለሁ። ይኸው በቀለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ጠጅቱ ካረፈች ወዲህ የምኖረው ከልጄ ከቢያዝን ጋር ነው። ሚስቱ ፀሐይወርቅ ትባላለች፤ የማክሰኝት ልጅ ናት፣ ባንክ ቤት ትሠራለች። ወንድ ልጅ ወልዳ አሁን በእረፍት ላይ ናት። ልጁን እነሱ ቴዎ ይሉታል። እኔ በአባቴ ስም ገድሉ ብዬዋለሁ። ቴዎ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠይቄ የነገረኝ የለም። ይህ ልጅ ከተወለደ ጀምሮ በእናትና በአባቱ መሀል፣ ጡት በአፉ እንደያዘ ነው የሚያድረው። እንደ ሰው ልጅ። አሁን ለብቻው አልጋ ሊሠራለት ነው አሉ። ለብቻው! ጥርስ ላላበቀለ!

«ምን ተገኘ?» አልሁ። ቢያዝን መሬት መሬቱን አየ። የመለሰችልኝ እሷ ናት። ባለፈው ሌሊት ቢያዝን በእንቅልፍ ልቡ ክንዱን ልጁ ደረት ላይ ጥሎ፣ ብርድ ልብሱም ፊቱን ሸፍኖት አግኝታዋለች። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ስትሰማ «ክፍሉ አንድ ይሁን፣ መኝታው ግን ይለይ» ብላቸዋለች።

«እኛ ሰባት ልጅ ስናሳድግ ማን ክንዱን ጣለ?» አልሁ።

«እርስዎማ ሌሊት ሌሊት ሐይቅ ላይ ነበሩ እኮ፣ አባ» አለች።

ሙሀመድአወል ይህን ሲጽፍ ሳቀ። ይሳቅ።

የካቲት 21

አልጋው መጣ። ብረት በያጅ ጋ አሠርተውት ነው። ነጭ ቀለም ተቀብቷል፣ ዙሪያውን ዘንግ ዘንግ ነው። «የጥጃ ጋጣ ይመስላል» አልሁ። ፀሐይወርቅ ምን አለችኝ? «ጥጃም እኮ አባ፣ ከላሟ ተለይቶ ነው የሚታሰረው።»

መልሱ አለኝ፤ ነገ ይመጣልኛል።

ፍራሹን ከማን ገዙ? ከዚሁ ከጸሐፊዬ። ስስና ደረቅ ይሁን፣ ትራስ አያሻውም ብላ አዝዛ። «ከሃዲ!» ስለው «ገንዘብ ይዘው ሲመጡ ሂዱ ልበላቸው?» ይለኛል። ደግሞ ሊያሾፍብኝ «እንግዲያ አንተ የደንገል ታንኳ ሥራለት፣ እንደ ነቢዩ ሙሳ» አለኝ። ሙሳን እናቱ ውሃ ላይ ያኖረችው ፈርዖን ሊገድልባት ስለሆነ ነው። እዚህ ቤት ፈርዖን ማነው? ባንኩ?

የካቲት 22

ረመዳን ገባ። እኔም ሁዳዴ ላይ ነኝ። ጸሐፊውም ተናጋሪውም ርቦታል፣ አጭር ይሁን።

መልሱ መጣልኝ። ጥጃ ከላሟ የሚለየው ወተቱን ሰው እንዲጠጣው ነው! ነገርኋት። ስቃ ሳመችኝ። ሽንፈት ይሁን ንቀት አልገባኝም።

የካቲት 25

ሱቁ ባዶ ነው፣ ልናገር።

ብልሃቱን ነርሷ አስተምራቸዋለች። ልጁ ጡት ይጠባል። ዓይኑ ሲከብድ፣ ገና ሳይተኛ፣ ጡቱን ከአፉ ታወጣና አልጋው ላይ ታጋድመዋለች። አጎበሩን ትዘረጋለች። ከዚያ የወተቱን ሽታ እንዳያገኝ እሷ ራቅ ትላለች፣ ቢያዝን ይተካል። እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ «እሽ፣ እሽ» ይላል። ልጁ ቢነጫነጭ ወዲያው አያነሣውም። አምርሮ ካለቀሰ ያነሣዋል፣ ያባብለዋል፣ መልሶ ያጋድመዋል። ይህን ቀን ቀን ይለማመዱታል፣ ማታም እንዲሁ።

ልጅን አጉርሶ መንጠቅ! ይህ የጠላት ሥራ ነው አልሁ። ልጁ ጮኸ። እኔም ጮኽሁ። «አባ፣ እርስዎ ትንሽ ወጣ ብለው ይናፈሱ» አለኝ ቢያዝን። ከገዛ ልጄ ቤት ለአየር ተባረርሁ። እስከ ሐይቁ ዳር ሄድሁ። ጀልባዎቹን አየሁ፤ የማውቀው ሰው የለም። ተመለስሁ።

ስመለስ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ሞተ እንዴ ብዬ አጎበሩን ገልጬ አየሁት። ሁለት እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ እጁን እንደ ሰጠ ምርኮኛ ተኝቷል። እናቱ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች አንገቷ ወድቆ እሷም ተኝታለች። ቢያዝን ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ አየኝ፤ በኩራት።

ደስ አላለኝም ማለት አይደለም። ደስ አለኝ ማለትም አይደለም። ያ ጸጥታ ግን አልጣመኝም። ሕፃን እንደዚያ ብቻውን ጸጥ ሲል ማን እንደሚያየው አይታወቅም።

የካቲት 27

ይህን ለማንም አልናገርም ነበር። ግን ለሙሀመድአወል ሳይነገር አይጻፍም።

ብቻውን የሚተኛ ሕፃን ብረት ያስፈልገዋል። ጠጅቱ በአራስነቷ ማጭድ ከራስጌዋ አይለይም ነበር፤ በሰባቱም። ክፉ ነገር ብረት ያለበት አይደርስም። ፀሐይወርቅም አራስ ሳለች ቢላዋ ተቀምጦላት ነበር፤ ልጁ ክርስትና ሲነሣ መልሰው ሽንኩርት ከተፉበት። በእናቱ እቅፍ እስካለ ይሁን። አሁን ግን ብቻውን ነው።

የጠጅቱ ማጭድ ሣጥኔ ውስጥ አለ። ጥርሱ አልቋል፣ ቂጣ አይቆርጥም። ሰው ሳያየኝ ከአልጋው ሥር ገባሁና ከፍራሹ በታች ካለው ብረት ላይ በመረብ ገመድ አንጠለጠልሁት። ቋጠሮው የአስጋሪ ቋጠሮ ነው፤ ማዕበል አይፈታውም።

«አልጋው ራሱ ብረት አይደለም እንዴ?» አለኝ ሙሀመድአወል።

የገበያ ብረት ነው። ትናንት የተበየደ። ቤት ጠብቆ የማያውቅ ብረት ምን ያውቃል?

«አያ አዘዘ፣ ሕፃን ሥር ማጭድ…»

ጸሐፊ ነህ ወይስ ዳኛ? አልሁት። ጻፈ።

መጋቢት 3

ተበላሸ። ያ ምርኮኛ ሆኖ የተኛው ልጅ አሁን ዓይኑን በጨፈነ ቅጽበት ብርግግ ይላል። ይገላበጣል፣ ይነቃል፣ ይጮኻል። ቀንም ማታም። ፀሐይወርቅ ትነሣለች፣ ታጠባለች፣ ታጋድማለች። ደግሞ ይነቃል። ዓይኗ ጎድጉዷል። ቢያዝን ጥርስ ሊያወጣ ነው ይላል። እሷ ወተቴ አንሶት ነው ትላለች። እኔ አልጋው ነው እላለሁ። ያልሁት ደረሰ። የደረሰልኝ ግን እንዳሰብሁት አላስደሰተኝም።

ደግሞ ቤቱ ውስጥ ድምፅ አለ። ቅጭል። ለአፍታ ይሰማል፣ ይጠፋል። ደግሞ ቅጭል። ቢያዝን የዘንጎቹ ብሎን ላልቶ ነው ብሎ ዙሪያውን አጠበቀ። አሁንም ቅጭል ይላል። አይጥ ነው አልሁ። አይጥ ከቆርቆሮ ጋር ሲጫወት እንዲህ ነው።

ሙሀመድአወል ብዕሩን አስቀምጦ አየኝ።

«ምን ታያለህ?» አልሁት።

«ምንም። ድምፁ መቼ መቼ ነው የሚሰማው?»

«ልጁ ሲገላበጥ።»

«እህ» አለ። ብዕሩን አነሣ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። ጾሙ ነው።

መጋቢት 5

የአይጥ ወጥመድ ገዛሁ። አይጥ አልያዘም። የቢያዝንን ጣት ያዘ።

መጋቢት 8

ፀሐይወርቅ እየጾመች ነው! ዛሬ ነው የደረስሁባት። የተቀቀለ ድንች በሽሮ ስትበላ። «ሰው ሁሉ ሲጾም እኔ እንዴት» ትላለች። የምታጠባ ሴት አትጾምም! ለእግዜር የተሰጠ ጾም ከሕፃን አፍ አይነጠቅም። በብዙ ነገር እሳሳት ይሆናል፣ በዚህ አልሳሳትም። ቄሱን ከደጀ ሰላም ይዤ መጣሁ። እሳቸውም እንደኔው ነገሯት። ነጠላዬን አጣፍቼ ወተት ራሴ ገዝቼ መጣሁ፤ ሁዳዴ ላይ ወተት ይዤ መንገድ ለመንገድ! ሰው ሁሉ አየኝ። አንዲት ሴትዮ ልጇን ጎሸም አድርጋ እኔን አሳየችው። ምን ታሳየዋለች?

በወተቱ አጥሚት ተሠርቶ ሲመጣላት ቆሜ አስጠጣኋት። «ጭልጥ አድርጊው» አልሁ።

«እሺ አባ። ቆጡኝ፣ ግን ቀስ ብለው፤ ገና መተኛቱ ነው» አለች።

ቅጭል አለ። ነቃ።

መጋቢት 11

ሰማሁ። ልሰማ ብዬ አይደለም፤ የክፍሌ ግድግዳ ቺፑድ ነው። ፀሐይወርቅ ከእናቷ ጋር በስልክ ታወራለች።

«እማዬ፣ አቃተኝ። ለስንት ቀን እየተኛ ነበር፣ አሁን ምን እንደነካው አላውቅም። ያነጋገርናት ሞግዚትም ያለ ጡት የማይተኛ ልጅ አልችልም ብላለች። እንዲህ እንቅልፍ አጥቼ ገብቼስ የሰው ገንዘብ ባጎድል? ፋሲካ ሲያልፍ ካልገባሁ ደግሞ ቦታዬን ለሌላ ይሰጡታል። እስከ ሆሳዕና ካልተሻለው ሥራውን ትቼ ልጄን ይዤ እመጣለሁ። መንገዱ ሰላም ከሆነ።»

ማክሰኝት ማለት ከሐይቁ ወዲያ ነው። መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው፣ ነገ ዝግ። አንዴ ከሄዱ መች እንደሚመጡ ማን ያውቃል። ቢያዝን ብቻውን ይህን ቤት አይከራይም፤ ፔዳ ሰፈር ከጓደኛው ጋር አንድ ክፍል ይገባል። እኔ ቁንዝላ። ቁንዝላ ቤት አለኝ። በሩ ተዘግቶ ነው እንጂ አለኝ። ምን ቸገረኝ።

ከዚያ ቢያዝን ገባ። ነገሩን ሰምቶ «አባም እኮ ልጁ ብቻውን ተኛ እያሉ የሚናደዱት፣ ራሳቸው ብቻቸውን…» አለ። አልጨረሰውም። እሷም «አውቃለሁ» አለች።

ምንድን ነው የምታውቀው? እኔ ብቻዬን እተኛለሁ። ከቁንዝላ ያስመጣሁት ሰፊ አልጋ አለኝ፣ ክፍሏን የሚሞላ። ቢያዝን ጠባብ ልግዛልዎ ይለኛል፣ አልፈልግም። በግድግዳው በኩል ያለው የጠጅቱ ቦታ ነው፤ እዚያ አልተኛም። ልማድ ነው። ዶሮ ሳይጮህ እነሣለሁ። እነሣለሁ እንጂ እነቃለሁ አልልም፤ ማን ተኝቶ። ሽማግሌ እንቅልፍ የለውም፣ ይህ የታወቀ ነው።

መጋቢት 12

ደንበኛ በዝቷል። አጭር። ከፈለገች ትሂድ ብያለሁ በልቤ። ቆይ፣ ይህን ሰርዘው። አትሂድ በል። እሱንም ሰርዘው። ሁለቱንም ተዋቸው።

መጋቢት 16

ፀሐይወርቅ ገላዋን ልትታጠብ ገባች። «አባ፣ አንዴ ይዩልኝ፤ ዓይኑ ተከድኗል» አለችኝ። እንደ ቢያዝን እጄን ሆዱ ላይ አኖርሁ። እሽ እሽ ማለት አላውቅበትም። እንደ ቀዘፋ አደረግሁት፤ ገፋ፣ መለስ፣ ገፋ፣ መለስ። ሆዱ ሞቅ ያለ ነው፣ እንደ በቅሎ ድብዳብ ለስላሳ። ትንፋሹ ረዘመ። እኔ ነኝ ያስተኛሁት! ይህም ይጻፍ።

ከዚያ ቀኝ እግሩን አነሣና ጣለው። አልጋው ነቅነቅ አለ። ከሥር፣ ቅጭል። የልጁ ዓይን ተከፈተ። አየኝ። ከንፈሩን ጣለና አለቀሰ።

እኔ ማጭዱ ነው አላልሁም። ልጅ በብዙ ነገር ይነቃል።

«እንግዲያ ምንድን ነው?» አለኝ ሙሀመድአወል።

አላውቅም አልሁት።

«ፈትተህ አውጣዋ!»

ባወጣው ልጁን ማን ይጠብቀዋል? ባላወጣው ልጁ ማክሰኝት ይሄዳል። ልጁ ከሄደ ማጭዱ ባዶ አልጋ ነው የሚጠብቀው። እኔ ይህን ነገር ካንዱ ጫፍ ስይዘው በሌላው ያመልጠኛል፤ እንደ አምባዛ። ዓሣ ቢሆን አውቅበት ነበር።

«የኔ እናት ከራስጌያችን ቁርአን ነበር የምታኖረው» አለ ሙሀመድአወል። «እሱ ቅጭል አይልም። አንተም ዳዊት አኑርለት።»

«ዳዊት? እኔ ማንበብ አልችል፣ ልጁ ማንበብ አይችል!»

«ሰይጣን ይችላል» አለኝ።

ጾመኛ ባይሆን በዱላ እለው ነበር። ግን ስሄድ መንገድ ላይ ሳቅሁ። ብቻዬን እየሳቅሁ መሄዴን ሰው አይቶ ይሆናል።

መጋቢት 17

ዛሬ ላወጣው ነበር። ከአልጋው ሥር ለመግባት ስበረከክ ጉልበቴ እምቢ አለ። ጉልበቴ ነው እምቢ ያለው። ሌላ ነገር አይደለም።

ፀሐይወርቅ ትልቁን ሻንጣ ከቁም ሣጥን ላይ አውርዳ አቧራውን ስትጠርግ አየኋት። ቀና ብላ ስታየኝ ጨርቁን ደበቀችው። ሻንጣ አይደበቅ።

መጋቢት 19

ተኛ! ትናንት ከሰዓት ተኛ፣ ማታ አንዴ ብቻ ተነሥቶ ጠብቶ መልሶ ተኛ፣ ዛሬም ተኝቶ ትቼው ነው የመጣሁት! ያ እጅ የሰጠ ምርኮኛ ተመልሷል!

ሙሀመድአወል፣ ይህን በትልልቁ ጻፈው፤ ማጭዱን አልነካሁትም! እዚያው ነው! ማጭዱ አይደለም ብዬ ነበር። ልጁና ብረቱ እስኪላመዱ ጊዜ ፈልገው ነው። አይጡም ሄዷል። ድምፁ የለም። ወጥመዴ አስፈራርቶታል።

ሙሀመድአወል እንደ ወትሮው ይከራከራል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን «ከትናንት ወዲያ የልጅህ ሚስት ለአልጋው የፕላስቲክ አንሶላ ልትገዛ መጥታ ነበር» አለኝ።

«ታዲያስ?»

«ታዲያ ምንም። ገዝታ ሄደች። ሻይ አቀረብሁላት። እኔ ጾመኛ ስለሆንሁ ብቻዋን ጠጣች። ጥሩ ልጅ ናት።»

ጥሩ ልጅ መሆኗን ማን ጠየቀው?

መጋቢት 20

ነገ ኢድ ነው። ሱቁ ይዘጋል። የገድሉ እንቅልፍ ደህና ነው። ሻንጣው ግን አሁንም ወለል ላይ ነው።

መጋቢት 24

እንኳን አደረሰህ ልለው ኢድ ዕለት ቤቱ ሄጄ ነበር። ሙሀመድአወል ለኔ ተምር ለየልኝ፤ ለሌላው ሁሉ ሥጋ። የሥጋው ሽታ ቀላል ፈተና አልነበረም። ይህ እንኳ ባይጻፍም ግድ የለም።

የምናገረው ሌላ ነው። ዛሬ ጠዋት ፀሐይወርቅ ልጁን ይዛ ለክትባት ሄደች። ማጭዱ በደንብ ልጁን እየጠበቀ ስለሆነ ቋጠሮውን ላጠብቅለት ብዬ በጉልበቴ ገባሁ።

ማጭዱ ማጭድ አይመስልም። ከጫፉ እስከ እጀታው በጨርቅ ተጠቅልሏል። ጨርቁን አውቀዋለሁ፤ ፀሐይወርቅ ስታጠባ የምትለብሰው ቢጫ ቀሚስ ነው፣ ደረቱ የነተበው። ጠቅልላዋለች እንደ ሕፃን፤ ጥምዙን ሁሉ ተከትላ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፋ። በመቀነት ከብረቱ ጋር ከሁለት በኩል አጣብቃ አስራዋለች። በጣቴ ገፋሁት። አይወዛወዝም። ቋጠሮው የኔ አይደለም። የሴት ቋጠሮ ነው፣ ከቋጠሮው ላይ ሌላ ቋጠሮ። አሸተትሁት። ጡት ጡት ይላል።

እዚያው ሥር ተጋድሜ ቆየሁ። ወለሉ ቀዝቃዛ ነው። ለምን እንደቆየሁ አላውቅም፤ መነሣት ከበደኝ፣ ጉልበቴ።

አስባለሁ። ብትጥለው እንጣላ ነበር፣ ይለይልን ነበር። ብትጮህብኝ እመልስላት ነበር፣ መልስ አላጣም። አሁን ምን ብዬ ልጣላት? አምናበት ነው የተወችው? ባታምንስ ለምን ተወችው? ለልጁ ብላ ነው? ለማን ብላ ነው?

«አንተ ነህ የነገርኻት?» አልሁት ሙሀመድአወልን።

«አያ አዘዘ፣ እኔ ያንተን ቃል እጽፋለሁ እንጂ የኔን አልጽፍም። ያስማልኸኝ አንተ አይደለህ?»

«መልሱ አዎ ነው ወይስ አይደለም?»

«ደንበኛ መጣ» አለኝ። ዞር ብዬ አየሁ። ማንም የለም።

መጋቢት 29

እስካሁን ምንም አላለችኝም። እኔም አላልኋትም። ወጥ ስታቀርብልኝ አያታለሁ፣ ታየኛለች። ትናንት ቢያዝን «ያ ድምፅ ጠፋ አይደል? ብሎኑን ያጠበቅሁት ሠራ» ብሎ ሲኮራ፣ ሁለታችንም አንገታችንን ወደ ሳህኑ ደፋን። እሷ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እያለቀሰች መስሎኝ ደንግጬ ቀና አልሁ። እየሳቀች ነው። እኔንም ያዘኝ። ቢያዝን «ምንድን ነው? ምን አልሁ?» ይላል።

ሚያዝያ 6

ሆሳዕና አለፈ። ትናንት ዘንባባ ይዤ ስመለስ ሻንጣው ከወለሉ ላይ የለም። ቁም ሣጥኑ ላይ ወጥቷል። ምንም አልጠየቅሁም። ዘንባባውን በልጁ አልጋ ዘንግ ላይ አሰርሁት።

ማታ ፀሐይወርቅ ወደ ክፍሌ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። «አባ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነበር።»

«ተናገሪ።»

«እኛ ክፍል ሲሆን ሌሊት ሽታዬን እያገኘ ይነሣል፤ ባይርበውም። አልጋውን እርስዎ ክፍል ብናደርገውስ? ነርሷም ብቻውን አይሁን ነው ያለችኝ። ሰው ያስፈልገዋል፣ ንቁ ሰው። እርስዎ ደግሞ እንቅልፍ የለኝም ይላሉ። ሲርበው ይጥሩኝና መጥቼ አጠባዋለሁ።»

«ቦታ የለም» አልሁ። እውነቴን ነው፣ የኔ አልጋ ሞልቶታል።

«ልክ ነው፤ ይቅርታ አባ» ብላ ሄደች።

ሌሊቱን በግድግዳው በኩል ያለውን ቦታ በእጄ ዳሰስሁት። ቀዝቃዛ ነው። ጠጅቱ ብትሆን ምን ትል ነበር? «አንተ ግትር፣ ልጁ የት ይተኛ?» ነበር የምትል። ሌላ ምን ትላለች። ሳይነጋ ተነሥቼ የአልጋዬን ችካሎች መንቀል ጀመርሁ። ቢያዝን በድምፁ ደንግጦ ሌባ መስሎት በመጥረጊያ እንጨት መጣብኝ።

ዛሬ የመጣሁት ለመጻፍ ብቻ አይደለም። ሙሀመድአወል፣ ጠባብ ፍራሽ ስጠኝ። ስስና ደረቅ ይሁን። ለኔ ግን ትራስ ይጨመር።

ሚያዝያ 15

ፋሲካ አለፈ። ፀሐይወርቅ ትናንት ሥራ ገባች። ጠዋት አጥብታው፣ ስማው፣ ሦስቴ ከበር ተመልሳ። ለቀኑ የሚሆን ወተቷን አልባ በጡጦ ትታለታለች። እንደ ላም አልሁ በልቤ፤ አልተናገርሁም። ሞግዚቷ መጥታለች። ልጁ በቀን ያለ ጡት ተኛላት። «እንዲህ ከሆነማ እይዘዋለሁ» አለች።

የማታው ነው የሚጻፈው። አልጋው ከጠባቡ አልጋዬ አጠገብ ነው፣ የጠጅቱ ቦታ በነበረበት፣ በግድግዳው በኩል። ፀሐይወርቅ አጥብታ አጋደመችው፣ አጎበሩን ዘረጋች። እኔ እጄን ሆዱ ላይ አኑሬ ቀዘፍሁ፤ ገፋ፣ መለስ። እሷ መብራቱን ልታጠፋ ስትል ዝቅ ብላ ከአልጋው ሥር በእጇ ነካ አደረገች። ማጭዱ እዚያው መኖሩን አየች መሰለኝ። ከዚያ በሩ ላይ ሆና «ገድሉ ከተነሣ ይጥሩኝ፣ አባ» አለች።

ገድሉ አለች። አልተሳሳትሁም፣ ጆሮዬ ደህና ነው።

ሌሊት አንዴ ተነሣ፤ ጠራኋት፣ አጠባችው፣ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ልጠብቀው ነበር። ዓይኔን ከፍቼ ጨለማውን እሰማ ነበር። የልጁ ትንፋሽ ይሰማል፣ ሌላ ምንም የለም።

ዛሬ የጠዋቱ የኪዳን ጸሎት አመለጠኝ። ጠጅቱ ካረፈች ወዲህ አምልጦኝ አያውቅም። ስነቃ ፀሐይ መስኮቱን አልፋ ወለሉ ላይ ደርሳለች። የቀሰቀሰኝ ገድሉ ነው። በዘንጎቹ መሀል እጁን አውጥቶ ጺሜን ይዞ ይስባል።

«እና ማን ማንን አስተኛው?» አለኝ ሙሀመድአወል።

ደንበኛ መጥቶልሃል፣ ተነሣ አልሁት።